ከዛፍ አልቆጠርም

የከሰል እቶኑ ጭስ ከመንደር ይታያል። ሺጌ ለባሏ የገብስ ገንፎውን አቅርባ ወደ ደጅ ስትወጣ፣ እንደ ልማዷ መጀመሪያ ያየችው ተራራውን ነበር። ትናንት እንደ ጥጥ ነጭ ሆኖ ሲትጎለጎል የዋለው ጭስ ሳስቷል፤ ጫፉም ወደ ሰማያዊ አድልቷል።

"ኢሶኪቺ! ጭሱ ሊጠራ ነው!" ብላ ጮኸች።

ባሏ እግሩ በሁለት የቀርከሃ ስንጣቂ ታስሮ እሳት ዳር ተጋድሟል። እንጨቱን እቶኑ ውስጥ ደርድሮ፣ ለኩሶ፣ ሲወርድ ነው አዳልጦት የሰበረው።

"አይሆንም፤ ከነገ ወዲያ እንዲደርስ ነው ያሰብኩት" አለ።

"እንጨቱ ያንተን ሐሳብ መች ሰማ? ዘንድሮ ደረቅ ነው።"

ጭስ ከጠራ እንጨቱ ከሰል ሆኗል ማለት ነው፤ ያኔ የእቶኑ አፍና የጭሱ መውጫ በጭቃ መደፈን አለበት፤ ግማሽ ቀን ከዘገየ ውስጥ ያለው ሁሉ አመድ ነው። በዚያ እቶን ውስጥ ደግሞ በረዶው እስኪያልፍ ልጆቻቸው የሚበሉት ሩዝ አለ።

ችግሩ የዛሬው ቀን ነው። በአስራ ሁለተኛው ወር፣ በአስራ ሁለተኛው ቀን፣ የተራራዋ እመቤት ዛፎቿን ትቆጥራለች። በዚያ ቀን ተራራ ላይ የተገኘ ሰው ከዛፍ ጋር ይቆጠራል፤ የተቆጠረም በተቆጠረበት ይቀራል። ለሴት ደግሞ በማንኛውም ቀን ክልክል ነው። እመቤቲቱ መልከ ጥፉ ናት፣ ሴት ስታይ ትቀናለች ይባላል።

"እኔ እወጣለሁ" አለች ሺጌ።

"አብደሻል? ሴት እኮ ነሽ!"

"ሦስት ልጅ ወልጄልህ ዛሬ ገና አወቅከው?"

ወደ መደርደሪያው ተንጠራርታ በወረቀት የተጠቀለለውን ኦኮዜ አወረደች። ኦኮዜ ከባሕር ዓሣ ሁሉ አስቀያሚው ነው፤ እመቤቲቱ ከራሷ የባሰ መልከ ጥፉ ስታይ ደስ ይላታል። አዳኞችና ከሰል አክሳዮች የደረቀውን ዓሣ ይዘው ይወጡና ጭራውን ብቻ ብቅ አድርገው፣ "ከቀናን ሙሉውን እናሳይሻለን" ይሏታል። ሲቀናቸው ግን ሌላ ወረቀት ይደርቡበታል። የኢሶኪቺ ቅድመ አያት የጀመረው ጥቅልል የሕፃን ራስ አክሏል።

"እሱን አትንኪ! የአያቶቼ ነው!"

"አያቶችህ ይምጡና እቶኑን ይዝጉልኝ።"

የተራራው መግቢያ ላይ አባባ ጉንዞ የጭድ ገመድ ወጥሮ፣ ከመንደሩ ወንዶች ጋር ተቀምጧል። ከአርባ ዓመት በፊት በዚህ ቀን የረሳውን መጥረቢያ ሊያመጣ የወጣ ወንድሙ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ገመዱን የሚወጥረው እሱ ነው።

"አንቺ ሴት፣ ተመለሺ! በኛ ላይ ቁጣ ልታመጪ ነው?"

"አባባ ጉንዞ፣ ልጆቼ ሲርባቸው ይቺን ገመድ ቀቅዬ ላብላቸው?" ብላ በገመዱ ሥር ሾልካ አለፈች። ከኋላዋ ጮኹ እንጂ ገመዱን አልፎ ሊይዛት የደፈረ አልነበረም።

እቶኑ ጋ ደርሳ ጭቃ አቦካች፤ አፉን ደፈነች። ወደ ጭሱ መውጫ ስትዞር ድምፅ ሰማች።

"ዝግባ፣ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ዘጠኝ። ዝግባ፣ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ አስር።"

ከዚያ እንደ ቅርፊት የሻከረ እጅ ትከሻዋ ላይ አረፈ።

"ባሉጥ፣ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ አስራ አንድ።"

ሺጌ እግሯን ልታነሳ ብትል አልነሳ አላት። ቁርጭምጭሚቷ ድረስ መሬት ውስጥ ገብቷል፤ ጣቶቿ እንደ ሥር ሲዘረጉ ይሰማታል።

"ከዛፍ አልቆጠርም! ዛፍ መልስ ይሰጣል?" አለች።

"መጀመሪያ ላይ ሁሉም ይመልሳል" አለች እመቤቲቱ። ፊቷ ጥላሸት የመሰለ፣ አፍንጫዋ እንደ ጉቶ ነው። ወዲያ ማዶ ግንዱ ላይ ያረጀ የወንድ መታጠቂያ የታሰረበትን ባሉጥ አሳየቻት። "እሱ እስከ ማታ ነው የለፈለፈው።"

ሺጌ ጥቅልሉን ከደረቷ አወጣች። የእመቤቲቱ ዓይን በራ፤ ወዲያው ግን ጨለመ።

"ጭራ! ሁልጊዜ ጭራ! አራት ትውልድ ሙሉ ነገ ፊቱን እናሳይሻለን እያላችሁ!"

"እግሬን ልቀቂና ፊቱን ላሳይሽ።"

"የተቆጠረ አይለቀቅም። ብፈልግም አልችልም።"

ጉልበቷ መደንደን ጀምሯል። ሺጌ የተከፈተውን የጭስ መውጫ አየች። በንዴት ጮኸች።

"እንግዲያው እንኪ፣ በነፃ! እኔ እንደነሱ ጭራ እያሳየሁ አልለማመጥሽም። ስትቆጥሪኝም አላለቅስልሽም!"

የአራት ትውልድ ወረቀት ቦጫጨቀችው። ዓሣው ወጣ። አፉ ወደ ሰማይ የተገለበጠ፣ ዓይኖቹ እንደ ኪንታሮት የተንጠለጠሉ፣ አገጩ እንደ አሮጌ ጫማ የተቀዳደደ።

እመቤቲቱ አፏን ያዘች። ከዚያ ፈነዳች። ሆዷን ይዛ፣ ዝግባ ተደግፋ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ዝግባውም አብሯት ተንቀጠቀጠ። "እናቱስ? እናቱስ ምን አለች ሲወለድ!" እያለች መሬት ደበደበች።

ሳቋን ስትጨርስ ዓይኗን ጠረገችና፣ "ባሉጥ..." አለች። ቆመች። "ባሉጥ፣ ሰባት ሺህ... ስንት ነበር?"

ቁጥሩ ሲጠፋ መሬቱ የሺጌን እግር ለቅቆ ነበር። ሮጣ ጭሱ መውጫ ላይ ጭቃ ከመረችበት፣ በመዳፏም እየመታች ደፈነችው። የመጨረሻዋ ጭስ ተቋረጠች።

"ቁጥር አስጠፋሽኝ!" ጮኸች እመቤቲቱ። "እንደገና ከመጀመሪያው ልጀምር ነው!"

"ጀምሪያ! እኔ ሥራዬን ጨርሻለሁ። ዓሣው ያንቺ ነው።"

ጭቃ ለብሳ ስትወርድ ወንዶቹ ገመዱ ጋ እንደቆሙ ነበሩ።

"አላየችሽም?" አለ አባባ ጉንዞ።

"አይታኛለች። ቆጥራኛለችም። ተሳስተሻል አልኳት።"

ከኋላ አንዱ ሳቀና በእጁ አፈነው።

"ዓሣውስ?"

"ሰጠኋት።"

"ሙሉውን? ከእንግዲህ በምን ልናባብላት ነው?"

"ማባበል ይቅር፣ አባባ። ቃል ገብተን ነበር፤ ከፈልን። እኔ እሷን ብሆን እኔም ሰው እቆጥር ነበር።"

ሽማግሌው ጣቱን ቀሰረባት። "ዳግመኛ ተራራ እንዳትረግጪ!"

"ጭሱ ሲጠራ እወጣለሁ።"

ይህን ጊዜ ከላይ፣ ከዝግባዎቹ መሀል፣ ድምፅ ወረደ። "ዝግባ፣ አንድ። ዝግባ፣ ሁለት። ዝግባ..." ከዚያ ተቋረጠና ሳቅ ተከተለው፤ እንደገና፣ "ዝግባ፣ አንድ።" ወንዶቹ ተያዩ። አባባ ጉንዞ ጆሮውን ወደ ላይ አቅንቶ አዳመጠ። በመጨረሻ የገመዱን ጫፍ ፈትቶ ክንዱ ላይ መጠቅለል ጀመረ።

"ወንድሜን... አይተሽ ይሆን?" አለ ቀና ሳይል።

"መታጠቂያው አሁንም ወገቡ ላይ ነው" አለች ሺጌ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ዛሬ ቁጥሩ ጠፍቶባታል፣ አባባ። እኔንም መሬቱ የለቀቀኝ ቁጥሩ ሲጠፋ ነው። እኔ እርስዎን ብሆን ገመድ ስጠቀልል አልውልም።"