ከግራ ሦስተኛው

ከኤርሚኒዮ ጋር አንድ ድልድይ መሻገር ራሱን የቻለ በሽታ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ዘጠኝ መሻገር አለባቸው። ኒቬስ ወንድሟን ከኋላዋ እየጎተተች የምትሄድ ነው የሚመስለው። እሱ በየድልድዩ አናት ላይ ምርኩዙን ተደግፎ ቆሞ ጉልበቱን ያሻል፣ ከሥር የሚያልፈውን ጀልባ ሁሉ በስም ይጠራል፣ የቀዛፊውን አያት ያነሳል፣ ከዚያ ደግሞ ሻንጣ የሚጎትት ቱሪስት አግኝቶ ይሰድባል።

"ይሄ አራተኛው ነው?" አለ።

"አምስተኛው ነው። ተራመድ።"

"አራተኛው ነው። ያ የመጀመሪያው እኮ ድልድይ አይባልም፤ ያለው ሦስት ደረጃ ነው።"

"ኤርሚኒዮ፣ በአምስት ሰዓት ነው የተቀጠርነው። ተራመድ!"

"ታዲያ አምስት ሰዓት የት ይሄዳል?"

ሰባ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው መቁጠር ሳይማር እንዴት ይኖራል? ነገሩ ሁሉ የመጣው እኮ ከዚሁ ከአለመቁጠሩ ነው። እስከ ሦስት መቁጠር ቢችል ኖሮ ዛሬ ሁለቱም በሰላም እቤታቸው ቁጭ ብለው ምሳቸውን ይጠብቁ ነበር።

ጉዳዩ የአባታቸው ነው። በተሸካሚዎች ማኅበር ቤት፣ በላይኛው አዳራሽ ጣሪያ ላይ፣ የቃና ዘገሊላ ሠርግ ተሥሏል። ከሥዕሉ ግርጌ ሰባት ተሸካሚዎች ጋናቸውን አቅፈው ተደርድረዋል። ሥዕሉ አራት መቶ ዓመት ከኖረ በኋላ ጣሪያው አፈሰሰና የአንዱን ተሸካሚ ራስ አበሰበሰው። ኒቬስ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ማኅበሩ ሠዓሊ ጠራ፤ ሠዓሊውም የጎደለውን ራስ ለመሙላት በዚያ ሲያልፍ ያገኘውን ሰው አስቀምጦ ፊቱን ሣለ። ያ ሰው አባቷ ሴራፊኖ ነበር፤ ማኅበርተኛ፣ የወይን በርሜል ተሸካሚ። በዓመቱ ሞተ። ከእናቷ ጋር ሲጋባ የተነሳት አንዲት ፎቶ በትልቁ ጎርፍ ጊዜ ከነመሳቢያዋ ጭቃ ሆነች። ስለዚህ ለሴራፊኖ በዚህ ምድር ላይ የቀረው ፊት ያ ጣሪያው ላይ ያለው ብቻ ነው።

እሱም ሊፋቅ ነው። ዘንድሮ ሥዕሉን የምታድሰው ባለሙያ፣ ያ ራስ የጥንቱ ስላልሆነ ይነሳና ቦታው ባዶ ቀለም ይቀባ ብላ ጽፋለች። ማኅበሩ ደግሞ የራሱ ወግ አለው፤ የሟች ማኅበርተኛ መልክ ከግድግዳም ከጣሪያም አይፋቅም። ግን መልኩ የእሱ ለመሆኑ ቤተሰብ መመስከር አለበት። ኒቬስ ደብዳቤ ጻፈች፦ አባቴ ከግራ ሦስተኛው ነው፣ ቀይ ቆብ ያደረገው፣ መልከ መልካሙ። ኤርሚኒዮም ሳይነግራት ጻፈ፦ አባቴ ከግራ ሦስተኛው ነው፣ ራሰ በራው፣ ጆሮ ትልቁ።

የማኅበሩ አለቃ ሲኞር ዛኔላ ሁለቱን ደብዳቤ ጎን ለጎን አድርገው ደወሉላት። "ሲኞራ፣ ልጆቹ ያልተስማሙበትን አባት ማኅበሩ በምን ይስማማበት? አዲሱ ራስ የትኛው እንደሆነ ባለሙያዋ ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ፤ ግን አልነግርዎትም። እሑድ ሁለታችሁም ኑና አንድ ፊት አሳዩኝ፤ ማኅበሩ ድምፅ ይሰጥበታል። ካልሆነ ይፋቃል።"

እንግዲህ ለዚህ ነው ዘጠኝ ድልድይ። ከእናታቸው ቀብር ጀምሮ ወንድምና እህት አብረው ወጥተው አያውቁም፤ ያኔም ገና አፈሩ ሳይደርቅ በዚሁ በቀይ ቆብና በጆሮ ተጣልተው ነው የተለያዩት። እናትየዋ ከባሏ ሞት በኋላ እዚያ ማኅበር ቤት ደጃፍ አልደረሰችም፤ አልችልም ትል ነበር። ለልጆቿ የሰጠቻቸው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ "ከግራ ሦስተኛው። አባታችሁ ራሱ ነው የነገረኝ።"

ከስድስተኛው ድልድይ ወርደው ሲታጠፉ ኤርሚኒዮ ጠፋ። ኒቬስ ተመልሳ ስትፈልገው አንድ ጠባብ መጠጥ ቤት መደገፊያ ላይ ክርኑን ጥሎ፣ በአንድ እጁ ነጭ ወይን፣ በሌላው የተፈጨ አሳ የተቀባ ቁራሽ ዳቦ ይዞ አገኘችው።

"አንተ ሰውዬ እግዜርን አትፈራም? አባታችንን ሊፍቁት ነው እኮ!"

"አባታችንም ሳይቀምስ አያልፍም ነበር" አለና አጣጥሞ ጨረሰ። "አንቺም አንድ ቅመሺ፤ ፊትሽ ኮምጣጤ መስሏል።"

ደሟ ፈላ። ሰው ባይኖር ኖሮ በዣንጥላዋ ትለው ነበር።

ማኅበር ቤቱ በር ላይ ጂልዳ ተቀምጣለች፤ ሃያ ዓመት ሙሉ እዚያው ወንበር ላይ ሹራብ ስትሠራ የኖረች ሴት ናት። ከጎኗ እጀታ ያላቸው መስተዋቶች በቅርጫት ተደርድረዋል። ጣሪያውን ለማየት አንገቱን መስበር የማይፈልግ ሰው መስተዋቱን እሆዱ ላይ ይዞ፣ ቁልቁል እያየ ነው አዳራሹን የሚዞረው።

"ሲኞራ ኒቬስ፣ ያንቺ ይኸውልሽ" አለችና እጀታው በክር የተጠመጠመውን አቀበለቻት። ኒቬስ በየሐሙሱ ነው የምትመጣው። "ለወንድምሽስ?"

"እኔ ሥዕል የማየው በዓይኔ ነው" አለ ኤርሚኒዮ። "መስተዋት ለጸጉር ቤት ነው።"

ይህ እሷን ለመንካት ነው። ኒቬስ አርባ ዓመት ጸጉር ሠርታ ነው ያደረችው፤ አላፍርበትም ትላለች። ጥላው ደረጃውን ወጣች።

አዳራሹ ውስጥ ማኅበርተኞቹ በግድግዳው ዙሪያ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። ጠረጴዛው ላይ የድምፅ መስጫው ሣጥን፣ አንዱን ለይቆይ አንዱን ለይፋቅ፣ ሁለት ጉድጓዱን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ከጎኑ የጨርቅ ኳሶቹ አሉ። ጨርቅ የሆኑት ማን የትኛው ጉድጓድ ውስጥ እንደጣለ በድምፅ እንዳይታወቅ ነው። ሲኞር ዛኔላ ሰዓታቸውን አሳዩዋት።

"አሥር ደቂቃ አላችሁ" አሉ።

ኒቬስ እንደ ልማዷ ከሥዕሉ ሥር ቆማ መስተዋቷን ያዘች። ሰባቱም እዚያው ናቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቀይ ቆቡን ወደ ጎን ገፋ ያደረገው፣ ዓይኑ የሚስቀው፣ ከሰባቱም የሚያምረው። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ያየችው ፊት ነው። ባሏ ጥሏት የሄደ ጊዜ መጀመሪያ የነገረችው ለእሱ ነው። ልጇ ስትወለድ ስሟን የነገረችው ለእሱ ነው። በየሐሙሱ እንደምን ሰነበትክ ብላ ነው የምትጀምረው።

"ይኸው" አለች። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቀይ ቆብ። ቆጠርክ?"

ኤርሚኒዮ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ አፉን ከፍቶ ያያል። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ራሰ በራ። አንቺ ዓይንሽን ምን ነካው?"

"ከግራ ቁጠር ተባልክ!"

"ከግራ ነው የምቆጥረው!"

ከአግዳሚው ላይ አንድ ሽማግሌ ሳቀ። ኒቬስ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

"እማዬ ቆንጆ ነበር ብላለች" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ስንቴ ነው የነገረችን? እየው እስቲ ያንተን ሰውዬ። ያ ቆንጆ ነው?"

"ባሏ የሞተባት ሴት ምን እንድትል ፈልገሽ ነው? ጆሮው የሣጥን እጀታ ያክል ነበር ትበል? እኔ ነበርኩ እኮ ኒቬስ! ስምንት ዓመቴ ነው። ምሳውን ይዤ መጥቼ፣ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጦ አየሁት። ሠዓሊው አትነቃነቅ ሲለው አንገቱ ደርቆ ሲሳደብ ሰማሁት።"

"ስምንት ዓመትህ ላይ ጫማህን ራሱ ፈልገህ አታገኝም ነበር!"

"አባቴን ግን አገኛለሁ።"

አሁን በቃት። ይሄን ሰው እንደ ሕፃን ልጅ ጣቱን ይዛ ካላስቆጠረችው በስተቀር መላ የለውም። ክንዱን ጎትታ ከጎኗ አቆመችው፣ መስተዋቱን በሁለቱ መካከል ያዘች።

"በምርኩዝህ አሳየኝ። የመጀመሪያው የቱ ነው? ከግራ!"

ኤርሚኒዮ እያጉረመረመ ምርኩዙን ወደ ጣሪያው አነሳ። ኒቬስ መስተዋቱ ውስጥ አየችው፤ የምርኩዙ ጫፍ በቀኝ ጠርዝ ላይ ያለውን ተሸካሚ ይነካል።

"ግራ አልኩህ፣ ግራ..." ብላ ጀመረችና የያዘችውን መስተዋት አየች።

አርባ ዓመት። አርባ ዓመት ሙሉ በመስተዋት ፊት ቆማ ሠርታለች። ደንበኞቿ ወደ ግራ ነው ያልኩሽ፣ ወደ ቀኝ ከፈልሽው እያሉ ሲጮኹባት፣ የኔ እመቤት መስተዋት ነው እኮ የሚያሳስትሽ፣ ግራን ቀኝ ያደርጋል እያለች ስንቱን አስተምራለች። ለሰው ሁሉ ያወቀችውን እዚህ ጣሪያ ሥር ስትቆም አንድም ቀን አላሰበችውም። ገና በልጅነቷ መስተዋት አስያዟት፣ በመስተዋት ቆጠረች፣ አለቀ።

መስተዋቱን አወረደች። አንገቷን ቀስ ብላ ወደ ኋላ ጣለችው፤ አጥንቷ ተንቋቋ። ቀይ ቆብ ያደረገው ሰው ቦታውን ለቆ ወደ ቀኝ ሄዷል፤ አምስተኛ ነው። ሦስተኛው ራሰ በራው ነው። ስድሳ ዓመት ሙሉ የሆዷን ሁሉ የዘረገፈችው አራት መቶ ዓመት ላለፈው፣ ስሙ እንኳን ለማይታወቅ ጋን ተሸካሚ ነው። አባቷ ከሁለት ሰው ወዲያ ቁጭ ብሎ ሲሰማ፣ በየሐሙሱ ዓይኗን አሳልፋ ሌላውን ሰላም ስትል ኖራለች።

ልቧ ተሰበረ። ከዚህ ሁሉ የከፋው ደግሞ ኤርሚኒዮ ትክክል መሆኑ ነው።

"ምነው? ምን ሆንሽ?" አለ እሱ። "ነጣሽ እኮ። ያን ወይን ቅመሺ ስልሽ..."

"ዝም በል። እባክህ አንዴ ዝም በል።"

ሲኞር ዛኔላ መጡ፤ ባለሙያዋም እጆቿን በሽርጧ እየጠረገች ከኋላቸው ተከተለች። ማኅበርተኞቹ ወሬያቸውን አቋረጡ።

"እሺ ሲኞራ። የትኛው ነው?"

ኤርሚኒዮ ምርኩዙን ይዞ ለጠብ ተዘጋጅቷል። ኒቬስ ቀይ ቆቡን ለመጨረሻ ጊዜ አየችው። ከዚያ እጇን አንስታ አሳየች።

"ራሰ በራው" አለች።

የኤርሚኒዮ ምርኩዝ ወለሉ ላይ ወደቀ። ባለሙያዋ አለቃውን አየት አደረገቻቸው። እሳቸው ግን በቀላሉ የሚለቁ ሰው አይደሉም።

"በደብዳቤዎ ቀይ ቆብ ነው ያሉት።"

"ተሳስቼ ነው።"

"አሁን ከደረጃው እስከዚህ ድረስ ምን ተለወጠ? ወንድምዎ ስለጮኹብዎት ከሆነ ምስክርነት አይባልም። የሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ አያስታውሱትም። ይሄን ፊት ያውቁታል ወይስ አያውቁትም? ለማኅበሩ እውነቱን ይንገሩ።"

እውነቱ አላውቀውም የሚል ነበር። አንድም ቀን ትክ ብላ አላየችውም። አሁንም ቀና ብላ ፈለገችው፤ ራሰ በራ፣ ጆሮው እንደተገተረ፣ አፉ ክፍት፣ የታችኛው ከንፈሩ ለክርክር እንደተዘጋጀ ወደ ፊት የወጣ፣ አልቸኩልም የሚል ሰው። ዓይኗን ስታወርድ ኤርሚኒዮ ከፊቷ ቆሟል። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ከኋላው ሁለቱን ጆሮዎቹን አቅልቷቸዋል። አፉ ክፍት ነው። ከንፈሩ ወደ ፊት ወጥቷል።

"አውቀዋለሁ" አለች። "ይሄን ፊት? ከጠዋት ጀምሮ ስጨቃጨቀው ነው የዋልኩት።"

ማንም አልሳቀም። አለቃው አንዴ ጣሪያውን፣ አንዴ ኤርሚኒዮን አዩ። ባለሙያዋም እንደዚሁ አየች፤ ከዚያ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ሣጥኑ ዞረ። የጨርቅ ኳሶቹ ያለ ድምፅ ወደቁ። ሲቆጠር ሃያ ሁለቱ ይቆይ፣ ሦስቱ ይፋቅ ብለው ተገኙ። ሴራፊኖ እዚያው ጣሪያው ላይ ቀረ።

ሲወጡ ጂልዳ መስተዋቱን ተቀበለቻት። "ለሐሙስ ላስቀምጥልሽ?" አለቻት።

"አያስፈልገኝም" አለች ኒቬስ። "አንገቴ ይልመደው።"

ኤርሚኒዮ እስከ መጀመሪያው ድልድይ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ይህ በታሪክ ታይቶ የማይታወቅ ነገር ነው። ስድሳ ዓመት ነግሬሽ አልነበር ሊላት እንደሚገባ ታውቃለች፤ ጥርሷን ነክሳ ጠበቀችው። አላለም። ከጉልበቱ ጋር ብቻ መታገል ጀመረ።

እሷ ቀድማ ወጥታ ድልድዩ አናት ላይ ቆመች። እሱ ከታች፣ ምርኩዙን እየተከለ፣ በየደረጃው እየቆመ፣ ራሱን ቀና አድርጎ እያያት ይመጣል። ራሰ በራውን፣ ጆሮዎቹን፣ ያን ከንፈር ትክ ብላ አየች።

"ምን ታፈጪብኛለሽ?" አለ እያለከለከ። "መጣሁ አልኩሽ እኮ! አይተሽኝ አታውቂም?"

"ማነው ቶሎ ና ያለህ?" አለች ኒቬስ፤ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። "ቀስ ብለህ ውጣ።"