የመነን ዋስ

በሰባ ስድስት ክረምት የርብ ወንዝ ገንፍሎ የፎገራን ሜዳ ሲውጠው፣ ሰዉ ሁሉ ለከብቱና ለጎታው ይጨነቅ ነበር። ውኃው እንዳይጎድል የምትለምን አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እኔ ቤት የተጠለለችው መነን።

ባሏ አንዳርጌ ከውኃው ማዶ ነው። ሜዳው ሲደርቅ ሽማግሌ ይዞ ሊወስዳት እንደሚመጣ በወረታ ያላወቀ አልነበረም። ግራ ክንዷን ሰብሯት ነው የመጣችው። ወላጅ የላትም፤ እናቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ግድግዳ የምትጋራኝ ጎረቤቴ ነበረች።

አምናም እንዲሁ ኮብልላ መጥታ ነበር። በአገራችን የኮበለለች ሚስት ያለ ዋስ አትመለስም። ባል «ሁለተኛ እጄን አላነሣባትም» ብሎ ይምላል፣ ለመሐላው አንድ ሰው ዋስ ይሆናል፣ ከዚያ ጠላ ይጠጣል። ዋሷ እኔ ነበርሁ። ጠላው ግሩም ነበር።

ጤና ጣቢያው ነግሯት ነው መሰል፣ ከደብረ ታቦር አንዲት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ በየማክሰኞው ትመጣ ጀመር። ጥሩብርሃን ትባላለች፣ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ቀበሌው «ጓድ» ይላታል፤ እኔ «ልጄ» እላታለሁ። ምርመራውን ልሰማ ጆሮዬን አሹዬ ብጠብቅ፣ «ምን ሆንሽ?» እንኳ አላለቻትም።

«ዛሬ የት መቀመጥ ትፈልጊያለሽ?» አለቻት።

«በገዛ ቤቴ መቀመጫ ታስመርጫታለሽ? እኔንስ ማን ጠየቀኝ?» አልኋት።

«እርስዎማ አፍ አለዎት፣ እትዬ ደብረወርቅ» አለች እየሣቀች።

መነን ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ በሩን ፊት ለፊት እያየች ተቀመጠች። ጥሩብርሃን ከጎኗ፣ መውጫዋን እንዳትዘጋባት ከበሩ መንገድ ራቅ ብላ። ያን ሰሞን አዲስ የመጣብንን ሩዝ ከሰፌድ ይለቅማሉ፣ አንዷ በሁለት እጇ፣ አንዷ በአንድ እጇ። ቃል የለም። እኔም ለመንደሩ፣ «መንግሥት ደመወዝ የሚከፍላት ዝም እንድትል ነው» ብዬ አወራሁ።

በሦስተኛው ማክሰኞ መነን ቀና ሳትል፣ «ዘነዘናውን ነው ያነሣው» አለች።

ጥሩብርሃን እስክሪብቶ አላወጣችም። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አለቻት። «ባል መቼም ይቆጣል» ልል አፌን ስከፍት ልጅቱ አየችኝ። ዘጋሁት።

ውኃው መጉደል ሲጀምር፣ «ሽማግሌዎቹን ምን ልትያቸው ትፈልጊያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«አልመለስም።» ድምፅዋ ከትንፋሽ አይበልጥም።

ጥሩብርሃን መልሱን ልታለማምዳት ብላ እኔን ሽማግሌ አደረገችኝ። ጋቢ ተከናንቤ፣ ጭራ ይዤ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። መነን ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ሣቀች። «ልጄ፣ ሰይጣን ነው መሐላችሁ የገባው። ቻል አድርጊው፣ ቤትሽን አትበትኚ» አልሁ። ሣቋ ቆመ። የተሰበረ ክንዷን ያዘች። አምና ቃል በቃል ያልኋት ይህንኑ ነበር። ጥሩብርሃን «ይብቃ» አለች።

ሽማግሌ ደግሞ ማክሰኞን አይጠብቅም፤ ሜዳው ሳይደርቅ፣ ውኃው ለእግር እንደ ጎደለ ቅዳሜ መጡ። መሪያቸው መሪጌታ ወልደ ሥላሴ ናቸው። አንዳርጌ ለይቅርታ ድንጋይ ተሸክሞ ከደጅ ቆመ።

«ልጄ፣ ተጸጽቷል። ምን ትያለሽ?» አሉ መሪጌታ።

መነን አፏን ከፈተች። ከንፈሯ ቃሉን ይሠራል፣ ድምፅ ግን የለም።

«ዝምታ እሺታ ነው። ደብረወርቅ፣ እንደ አምናው ዋስ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ምን አልሽ?»

«አምና የተዋስሁለት ክንድ ያውና፣ አባቴ። ጠላውን ጠጥተን ተለያየን። ከዚያ ወዲያ ደጇን ረግጦ እንዴት ነሽ ያላት አለ? እርስዎ አልሄዱም፤ እኔም አልሄድሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ያለ ዋስ ዕርቅ የለም።

«ሜዳው ገና ይደርቃል፤ ሌላ ዋስ ፈልገን እንመለሳለን» ብለው ተነሡ መሪጌታ። አንዳርጌ ድንጋዩን ደጄ ላይ ወርውሮት ሄደ።

እኔ ጀግናዋ ምስጋናዬን ልቀበል ወደ መነን ዞርሁ። «አየሽልኝ፣ አፍ እንዳስያዝኋቸው?»

«አምናስ፣ እትዬ?» አለችኝ። በሽማግሌዎቹ ፊት አልወጣ ያለው ድምፅዋ አሁን ጥርት ብሎ ወጣ።

ማክሰኞ ገና ሦስት ቀን ይቀረዋል። ሰፌዱን አመጣሁና ከጎኗ፣ ከበሩ መንገድ ራቅ ብዬ ተቀመጥሁ። ዝም አልሁ።