ባዶ የቀሩት ዘጠኝ ቀኖች

የዛሬ ሁለት ዓመት ታላቅ ወንድማችን አብዱልሃኪም ታናሹን ሂሻምን በጀልባ ገመድ ከዋርካው ጋር ጠፍሮ አምስት ቀን ገረፈው። ጂን ይዞታል ተብሎ ነበር። ደሙ ሸሚዙ ላይ ሲደርቅ እኔ እህቱ በኩባያ ውሃ አጠጣው ነበር፤ ገመዱን ግን አልፈታሁም። ዛሬም ያንገበግበኛል።

በሽታው ባይፖላር የሚባል መሆኑን የሰማነው በኋላ፣ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ስንወስደው ነው። ነርሷ ሲስተር የሻሽወርቅ ደብተር ሰጠችኝ።

«ሳይቃጠል በቅጠል ነው» አለችኝ። «ብዙ ጊዜ ከትልቁ ቀውስ በፊት ትንሹ ይመጣል፤ ሃይፖማንያ እንለዋለን። አራት ቀን በተከታታይ ከጠባዩ ወጥቶ ከተፍለቀለቀ ወይም ከተነጫነጨ፣ ጥቂት ተኝቶ ካልደከመው፣ ወሬው ከፈጠነ፣ እቅዱ ከበዛ፣ ያ ነው። ሥራ አይፈታም፤ እንዲያውም ይበረታል። የሚያታልለውም ለዚህ ነው። የተኛበትን ሰዓት በየቀኑ ጻፊ፤ አራተኛውን ቀን አትለፊ።»

ስንወጣ ሂሻም እጄን ያዘኝ። «እታለም፣ ያን ጊዜ ደስ ስለሚለኝ ራሴን አላምንም። አንቺ ንገሪኝ። ካልሽኝ ሳልከራከር እሄዳለሁ። ብቻ ገመዱ አይደገምብኝ።»

«ወላሂ እነግርሃለሁ» አልሁት።

ሃያ ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳልዘል ጻፍሁ። ከዚያ ረመዳን ገባ። በረመዳን እኛ ቤት ማን ይተኛል? ማታ ተራዊሕ ይሰገዳል፣ ሊነጋ ሲል ሱሑር ይበላል፣ ጎሕ ሲቀድ ሱብሒ ይሰገዳል። ሂሻም ሦስት ሰዓት ተኛ ብዬ ልጻፍ? እኔስ ስንት ተኛሁ? ዒድ ካለፈ እቀጥላለሁ ብዬ ደብተሩን ሣጥን ውስጥ ከተትሁት።

ሂሻም ጀልባ ሠሪ ነው። ጾሙን እንደያዘ ከሁሉም ቀድሞ ምሳር ያነሣል። ሁለት ጀልባ በአንድ ጊዜ ጀመረ፤ ለቁንዝላ ሰዎች ደግሞ ሌላ አምስት ሊሠራ ቃል ገባ። የረመዳን በረካ ነው አልን። ሣሩን አይተን ገደሉን ሳናይ። እኔማ የባስሁት ቂል፣ ቁርኣን ሲቀራ ድምፁ አማረ ብዬ አለቀስሁ።

በዘጠነኛው ቀን ከቀትሩ ሶላት፣ ከዙህር በኋላ አብዱልሃኪም ሐይቁ ዳር መጥቶ «እንጨቱን በከንቱ ፈጀኸው» አለው። ሂሻም ምሳሩን አንሥቶ የአብዱልሃኪምን ጀልባ ወለሉ እስኪበረገድ ፈለጠው። አብዱልሃኪም በመቅዘፊያ ጀርባውን መታው። ሂሻም ዞረና በምሳሩ ደንደስ መንጋጋውን ሰበረው። ሁለት ጥርስ ከደም ጋር ጭቃው ላይ ወደቀ።

ከዚያ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ ወረደበት። በእርግጫ፣ በዱላ፣ በድንጋይ። የጎድን አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። መሐል ገብቼ የአንዱን ክንድ ደሙ አፌን እስኪሞላው ነከስሁ፤ ሌላው በጥፊ ጣለኝ። ከጭቃው ስነሣ አስረውታል። ያው ገመድ፣ ያው ዋርካ። ሂሻም እየጮኸ የሚጠራው እኔን ነበር። መኪና እስኪመጣ ገመዱ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ነበር።

ባሕር ዳር ሐኪም ቤት፣ ሲስተር የሻሽወርቅ ከሣጥኑ አውጥቼ ያመጣሁላትን ደብተር ገለጠች። «ይሄ ጉዳት አድርሷል፤ ትልቁ ነው» አለች። «ትንሹ መቼ ጀመረ?»

ከረመዳን አንድ ጀምሮ ገጹ ነጭ ነው።

ሂሻም ሦስት ሳምንት ተኝቶ ሲረጋጋ ደብተሩን ጠየቀኝ። አንጓው ላይ ቁስሉ ገና አልሻረም። እርሳሱን በጭንቅ ይዞ ባዶዎቹን ቀኖች አንድ በአንድ ሞላ፤ ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ አንድ ሰዓት፣ ምንም።

«አራተኛው ቀን ላይ ጠርጥሬ ነበር» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?»

«አንቺ ዝም ስትይ ጊዜ ደኅና ነኝ አልሁ።»