ሁለት አልጋ ያለው መርከብ

ልጄ ጣይባ ከዱባይ ደውላ «እማ፣ ለሽርሽራችን ከሁለቱ መርከቦች አንዱን ምረጪ፤ ቦታው ዛሬ ያልቃል» አለችኝ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራው ወንድሟ ሀፊዝ ፎቶውን በስልኩ ያሳየኛል። ባልማርም ዓይን አለኝ። ትልቁ አሥራ አምስት ፎቅ ነው፤ ትንሹ አንዱን የደሴ ሆቴል አያህልም።

«በትልቁ ለየብቻችን ክፍል አለን» አለችና ሳለች። ዘንድሮ በደወለች ቁጥር ትስላለች።

«በትንሹስ?»

«አንድ ክፍል፣ ሁለት አልጋ። ይጠብሻል።»

«ስምንት ሆነን አንድ መደብ ላይ ስናድር ያልጠበበኝ ዛሬ ሊጠበኝ?»

«ትልቁ ይሻልሻል፣ እማ።»

«ወላሂ፣ ከጎንሽ ተኝቼ ያን ሳል ካልሰማሁ አልመጣም።»

ሀፊዝ አቀረቀረ። ለካ ያውቃል። ጣይባ ሳሏን አፍና መለሰች።

«እሺ፣ ትንሹን እይዛለሁ። የሐኪሙንም ወረቀት አመጣለሁ።»

«አምጪው። ወንድምሽ የደበቀኝን አንቺው ታነቢልኛለሽ።»