ሰዑድ ያፈረበት ጭብጦ

ኢንሳፍ ከውጫሌ እስከ ሐይቅ ከተማ በሚኒባስ ስትመጣ የበሶውን ጭብጦ ከጭኗ ላይ አላወረደችውም። እናቷ ዑምኩልሱም፣ ዓይናቸው ደክሞ እንኳ፣ ገብሱን ራሳቸው ለቅመው፣ ራሳቸው ቆልተው፣ በቅቤና በበርበሬ አሽተው የላኩት ነው። ወንድሟ ሰዑድ ከጅዳ ሚስት ይዞ ሐይቅ ከገባ ሰንብቷል፤ እናቱን ሊያይ ግን መንገዱ አልተመቸኝም ይላል።

«ለምራቴ ስጫት» ነበር ያሏት ዑምኩልሱም። «ሰዑድ ልጅ ሆኖ ያለዚህ አይተኛም ነበር። እሷም ትቅመሰው።»

ሚስቱ በልቂስ የመናዊት ናት። ኢንሳፍ ኩዌት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ስለሆነች ዐረብኛው አይቸግራትም። ሰዑድ ገበያ ወጥቶ ስለነበር ሁለቱ ብቻቸውን ተቀመጡ። በልቂስ ጭብጦውን አየችና በየዋህነት ጠየቀች።

«እህቴ፣ በቅሎ አላችሁ እንዴ?»

«የምን በቅሎ?»

«ይሄን ስልኩ ላይ በፎቶ አይቼው ነበር። ሰዑድን ስጠይቀው፣ መንገድ ላይ ለበቅሎ የሚሰጥ ነው፣ እኛ ቤት ሰው አይበላውም አለኝ። እሱ ያደገው በብስኩትና በቸኮሌት ነው።»

ኢንሳፍ ፊቷ ጋለ። ብስኩት የሚያውቁት ለዒድ ነበር፤ እሱንም አንዱን ለሁለት ገምሰው። ጭብጦ ሲሆን ግን ሰዑድ የራሱን ጨርሶ የእሷን ይነጥቃል፤ ስታለቅስ እናታቸው የራሳቸውን ድርሻ ይሰጧታል። እሳቸው ጦማቸውን ያድራሉ።

ሰዑድ ሲገባ ሰላምታውን እንኳ አልተቀበለችም። ሚስቱ እንድትሰማ በዐረብኛ ጠየቀችው።

«ለበቅሎ ነው ያልከው?»

ሳቅ ብሎ በአማርኛ መለሰ። «እታለም፣ ምን ልበላት? ደሃ ነበርን ልበላት?»

«ደሃ ነበርን። እማዬ የቀለበችው ግን ልጅ ነው፣ በቅሎ አይደለም።» ይህንንም በዐረብኛ ደገመችው።

በልቂስ አንድ ቁራሽ አንስታ አላመጠች። ለመዋጥ ተቸገረች። «ጉሮሮዬን ያዘኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አልወደድኩትም» አለች። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «የኔንስ የደበቅኸው ለዚሁ ነው?»

ጓዳ ገብታ በፌስታል ላይ ፌስታል የተጠቀለለ ቆርቆሮ አወጣች። ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ እንደ ቆሎ ትቆረጥመው የነበረ፣ እናቷ የሸከፉላት ደረቅ ትንንሽ ዓሣ ነበር። ሰዑድ ይሸታል፣ ሰው ይሸሸናል ብሎ እንዳትከፍተው ከልክሏታል።

ኢንሳፍ አንዷን ቀመሰች። ሽታው አናቷ ላይ ወጣ፤ በውሃ አወራረደችው።

«ወላሂ፣ ይሄም ከባድ ነው» አለቻት። በልቂስ አልተቀየመችም።

«አይጣመን፣ ምንም አይደል» አለች ኢንሳፍ ወደ ወንድሟ ዞራ። «አንተ ግን ማን ሆነህ ነው በሁለታችንም እናቶች የምታፍረው?»

ሰዑድ መሬት መሬቱን እያየ «ነገ እማዬ ዘንድ እንሄዳለን፤ ዛሬ ተረጋጉ» አለ።

በልቂስ ሒጃቧን አስተካክላ ጫማዋን አደረገች። «እኔ ዛሬ ነው የምሄደው» አለችው።

ሰዑድን ትተውት ሁለቱ ውጫሌ እስኪደርሱ የኢንሳፍ ንዴት አልበረደም። ዑምኩልሱም የምራታቸውን ፊት በመዳፋቸው ዳስሰው፣ ደጋግመው ስመው ሲያበቁ ጠየቁ።

«ሰዑድስ? በላው?»

መዋሸት ቀላል ነበር። «አልበላም፣ እማዬ። አፍሮበታል።»

ዑምኩልሱም «እንግዲያ አልልክለትም» አሉ፤ ድምፃቸው ሻክሮ። ከዚያ የበልቂስን እጅ እንደያዙ፣ ልጅቱ ምን መብላት እንደምትወድ ኢንሳፍን ጠየቋት።