ያለ መስታወቱ

ጥርርር… ጠቅ። ጥርርር… ጠቅ።

የጥገና ሠራተኛው፣ ሁሉም ንታቴ፣ ማለትም አባባ፣ እያለ የሚጠራቸው ሴኮቶ የመፍቻ ሳጥናቸውን እንዳንጠለጠሉ በጨለማው ቤተ ሙከራ ደጃፍ ላይ ቆሙ።

"ማሌቦ፣ ልጄ፣ ይቺ ነገርሽ ታነክሳለች።"

"የቷ?"

"የምትዞረዋ። ስትሄድ ደህና ናት፤ ስትመለስ እግሯን ትጎትታለች። ጆሮሽንም በጨረር አቃጠልሽው እንዴ?"

ማሌቦ ለይሉኝታ ያህል ሳቀች። ከጠዋት ጀምሮ የቀመሰችው ማግዊኛ የሚሉትን አንድ የተጠበሰ ሊጥ ብቻ ነው። ቀጭኗ ብርሃን አሳላፊ ሳህን ስትዞር የጨረሩን ብርሃን ሽክርክሪት አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ትቀይራለች። ብርሃኑ ባለ ሦስት ጎን መስታወት ላይ ሲነጥር፣ ቀኝ ዞሩ ወደ አንድ ጎን፣ ግራ ዞሩ ወደ ሌላው ፈቀቅ ይላል፤ የፀጉር ውፍረት ለሺህ ቢከፈል ያህል። ይህችን ለመለካት ሦስት ዓመት ፈጀች። የመመረቂያ ጽሑፏን ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ማስገባት አለባት፤ የትምህርት ድጎማዋም በዚህ ወር ያበቃል።

"እግሯን የምትጎትት ከሆነ፣ ብርሃኑን የምትገፋው ሳህኗ ራሷ ብትሆንስ?" አሉ ሽማግሌው።

ማሌቦ ባለ ሦስት ጎኑን መስታወት ነቅላ ካሜራውን ከጨረሩ ፊት ለፊት አቆመች። አሁን ብርሃኑ የሚነጥርበት ነገር የለም፤ ካሜራው ላይ የሚያርፈው የብርሃን ነጥብ፣ ነጥቧ፣ ባለችበት መርጋት ነበረባት።

ሳህኗ ዞረች። ነጥቧ ፈቀቅ አለች።

"ተንቀሳቀሰች አይደል?"

"ተንቀሳቀሰች፣ ንታቴ።"

ስልኳ ጮኸ። አማካሪዋ ፕሮፌሰር ፒላይ ናቸው።

"ምነው ዘገየሽ?"

"ፕሮፍ፣ ያለ መስታወቱም ትንቀሳቀሳለች።"

"ምን ያህል?"

"ያንኑ ያህል።"

"ደክሞሻል። ዛሬ አስገቢ፤ ሌላውን በኋላ እናየዋለን።"

ስልኩ ተዘጋ። ማሌቦ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

"ሦስት ዓመት ሙሉ መስታወቱን አንስቼ አላየሁም።"

"እኔም ሦስት ዓመት በዚህ በር አልፌያለሁ፤ ዛሬ ነው የሰማሁት።"

የቤተ ሙከራው መዝገብ እያንዳንዱ ገጽ በሠሪውና በአንድ ምስክር ይፈረማል። ማሌቦ መዝገቡን ስባ በቀለም ጻፈች፦ "ፈቀቅ የሚያደርገው የሳህኗ መዞር ነው። እስከ ዛሬ የለካሁት አይታመንም።" ፈረመችና ወደ እሳቸው ገፋችው።

"እርስዎ ኮንትራትዎ በፕሮፍ እጅ ነው። ባይፈርሙ አልቀየምዎትም።"

ንታቴ ሴኮቶ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡ። ከስሟ በታች ፈረሙ። ሳጥናቸውን አንስተው ወጡ።