የጓሮው ውሃ እንግዶች

መጀመሪያ ጉድጓድ ብቻ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ስመለስ የራሴ ክፍል እንዲኖረኝ ብላ እናቴ ከቤታችን ጀርባ አንዲት ክፍል አሠራች፤ የቀርከሃው ግድግዳ የተለሰነበት ጭቃ የወጣው ከዚያ ነው። ክፍሏ አለቀች፣ ሠራተኞቹም ሄዱ፤ ጉድጓዱን ግን የደፈነው የለም። የአሶሳ ክረምት ደግሞ ክፍት ያገኘውን ነገር አያልፍም። ሐምሌ ሳይጋመስ እስከ አፉ ሞላው።

እኔም ተመርቄ የመጣሁት በዚያው ሰሞን ነው። ሥራ አልነበረኝም። መንገድ ላይ የማገኘው ሰው ሁሉ «አገኘሽ?» ይለኛል፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ «ገና ነው» እላለሁ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ወደ ጓሮ መውጣት ለመድኩ። ውሃው ምንም አይጠይቅም።

ቀድመው የመጡት እንቁራሪቶች ነበሩ። ከየት እንደመጡ አላውቅም፤ አንድ ማታ ጮኹ፣ ከዚያ በኋላ ቤታቸው ሆነ። ቀጥሎ እንደ ክር የቀጠነ ጅራት ያላቸው፣ ባለ አራት ክንፍ ነፍሳት መጡ። የሳይንስ ስማቸውን ተምሬያለሁ፤ በአማርኛ ምን እንደሚባሉ ግን አላውቅም ነበር። የጓሯችን ማንጎ ቅርንጫፍ ላይ አንዲት ሰማያዊ ወፍ ትቀመጥና ድንገት ተወርውራ ውሃውን ነክታ ትመለሳለች። አንድ ቀን አርጃኖ፣ ያ ትልቁ የውሃ ዳር እንሽላሊት፣ ብቅ ቢል እናቴ ዶሮዎቿን አቅፋ ቤት ገባች። የጎረቤታችን የጋሽ ኻሚስ ላም ውሃ ልትጠጣ ስትመጣ ደግሞ ከብት የሚከተሉት ነጫጭ ወፎች ከኋላዋ ተሰልፈው ይመጣሉ፤ እንደ ሚዜ።

የጋሽ ኻሚስ ልጅ ሀዲል ገና ትምህርት ቤት አልገባችም። በቀርከሃው አጥር ክፍተት ሾልካ ትመጣና አጠገቤ ቁጢጥ ትላለች። ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፦

«ዛሬ ማን መጣ?»

እንግዳ እንደተቀበለ ሰው እነግራታለሁ። ስማቸው ለጠፋኝ ነፍሳት ስም ያወጣችላቸውም እሷ ናት፤ «ሄሊኮፕተር» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ስም አልፈለግሁም።

ጥቅምት ሲገባ ሀዲል ቀረች። ወባ ይዟት ኖሯል።

ጋሽ ኻሚስ በራችን ላይ ቆመው ለእናቴ ሲነግሯት ድምፃቸው ደክሞ ነበር።

«አዴ ቀነኒ፣ እኔ ጎረቤት ነው፣ ጠላት አይደለም። ልጄ ታሟል። ያ ውሃ ይደፈን።»

«ይደፈናል፣ ኻሚስ። ከልጅ የሚበልጥ ምን አለ?» አለች እናቴ። ወደ እኔ ግን አላየችም።

ጋሽ ኻሚስ ትክክል ነበሩ። ውሃው ቢደፈን ይከፋኛል፤ ሀዲልን ያሳመማት እሱ ከሆነ ግን አጠገቡ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። ይህ ሐሳብ ከመጣብኝ በኋላ ጓሮ መውጣት ራሱ ከበደኝ።

ቀበሌው ያቆረ ውሃ የሚፋሰስበትን ዘመቻ ለቅዳሜ ጠርቶ ስለነበር ጎረቤቱ አካፋ አካፋውን ይዞ መጣ። ከጎረቤቶቹ አንዱ አምባው በአህያ ጋሪው አፈርና ድንጋይ ጭኖ ገባ። ወላጆቹ ከወሎ ሰፋሪ ሆነው የመጡ ናቸው፤ እሱ ያለ ቀልድ ሥራ አይሠራም።

«ሐዊ፣ ለእንቁራሪቶቹ ማስጠንቀቂያ ሰጥተሻል? የሰው ቤት ሲፈርስ እንኳ ቀድሞ ይነገራል!»

ሰው ሳቀ። እኔም ፈገግ ለማለት ሞከርኩ።

«ቆዩ፣ መጀመሪያ ልየው» አለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዓዲላ። ከቦርሳዋ እጀታው ረዥም የሆነ ነጭ ጭልፋ አውጥታ ከጉድጓዱ መሐል ቀዳች፤ አየች፤ ደፋች። ከሌላው ጎን ቀዳች። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ጭልፋው ውስጥ ጭራቸውን የሚያወናጭፉ የእንቁራሪት ልጆችና ጥቁር የውሃ ጢንዚዛ ነበሩ።

«የትንኝ እጭ አላየሁም» አለች ደጋግማ ከቀዳች በኋላ። «እጭ የሚበሉት እነዚህ ሁሉ ተርበው እየጠበቁ ምን ይተርፋል?»

«ታዲያ ልጄን ማን ነከሰው?» አሉ ጋሽ ኻሚስ።

አምባው አካፋውን አነሳ። «በቃ እንድፈነውና እንገላገል።»

ያኔ ነው ዓይኔ ከጠርዙ ላይ ያረፈው። ላሟ የምትቆምበት ጭቃ በሰኮና ተበሳስቶ ነበር፤ እያንዳንዱ ዱካ ውሃ ይዟል፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ያገኘዋል። የወባ ትንኝ የምትወደው እንዲህ ያለውን መሆኑን ክፍል ውስጥ ተምሬ ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ፦ ትንሽ፣ ንጹሕ፣ ፀሐይ የሚያየው፣ ጠላት የሌለበት ውሃ። በየቀኑ አጠገቡ ስቀመጥ ግን የማየው ወፎቹን ነበር።

መናገር ነበረብኝ። ብናገር ደግሞ ልጃቸው ታማ ቤት የተኛችባቸውን አባት በጎረቤት ፊት «የእርስዎ ላም ናት» ማለቴ ነው። ዝም ብል ጉድጓዱ ይደፈናል፤ ላሟ በሌላ ቦታ ትቆማለች፤ ዱካውም ይቀጥላል። የመጀመሪያው አካፋ አፈር ውሃው ላይ ሲወድቅ እንቁራሪቶቹ ዘለሉ።

«ዓዲላ» አልኩ። ድምፄ ስላልተሰማ ደገምኩት። «እዚህ… ዱካው ውስጥም ብታዪው።»

ተንበርክካ በጭልፋዋ ጫፍ ቀዳች። ከስንጥር የማይወፍሩ ነገሮች ከውሃው ገጽ ጋር ለጥ ብለው ተኝተው ነበር።

«ይኸውላችሁ። የሌላዋ ትንኝ እጭ ቁልቁል ይንጠለጠላል፤ የወባዋ እንዲህ ይተኛል።»

«እናንተዬ!» አለ አምባው፤ «የማን ሰኮና ነው ይሄ? እኔ እንደሆንኩ ላም የለኝም። የአህያዬ ጫማ ደግሞ ልኩ ሌላ ነው!»

በዚህኛው የሳቁት ጥቂት ናቸው። ፊቴ ጋለ።

«ጠርዙን እንዲህ የተውኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ላሟን አላባረርኳትም። ነጫጮቹ ወፎች አብረዋት ስለሚመጡ… ሀዲልም ስለምትወዳቸው።»

ጋሽ ኻሚስ ቀስ ብለው መጥተው ቁጢጥ አሉ። ሀዲል የምትቀመጥበት ቦታ ላይ ነበር። አንዱን ዱካ በጣታቸው ዳር ዳሩን ዳሰሱት።

«የኔ ላም ነው» አሉ ሁሉም እንዲሰማ። «ይሄን እግር አውቀዋለሁ፤ አንድ ሰኮናው ተሰብሯል።» ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺ ቀድመሽ አይተሻል። ለምን የኻሚስ ላም ነው አላልሽም?»

«እንዳያፍሩ ብዬ ነው።»

«ወላሂ፣ ልጄ ይዳን እንጂ እኔ አፍሬ ልኑር።»

ይህን ሲሉ አካፋ ይዞ የቆመው ሰው ሁሉ ወደ መሬት አየ።

«ሀዲልን የነከሰቻት ከየት እንደተፈለፈለች ማንም ሊያውቅ አይችልም» አለች ዓዲላ። «እነዚህን ዱካዎች መድፈን ግን እንችላለን። የጉድጓዱ ዙሪያ በድንጋይ ይያዝ፤ ላሟ ውሃዋን ቤቷ ትጠጣ። እኔ እየተመላለስኩ እቀዳለሁ፤ አንድ እጭ ካገኘሁ ግን እንደፍነዋለን። አጎበሩም አይረሳ።»

ጋሪው ላይ የነበረው አፈር ወደ ዱካዎቹ ገባ፤ ድንጋዩም ለጠርዙ ዋለ። ጋሽ ኻሚስ እናቴ ያቀረበችላቸውን በርጩማ እንቢ ብለው ድንጋዩን አንድ በአንድ በእጃቸው ደረደሩ። ትልቁንና ጠፍጣፋውን ማንጎው ጥላ ሥር አስቀምጠው እንዳይወዛወዝ በጉልበታቸው ሞከሩት።

«ይኸው ልደፍን መጥቼ ለእንቁራሪት ቤት ሠርቼ ልሄድ ነው» አለ አምባው ጋሪውን እያዞረ። «አደራ፣ ሚስቴ እንዳትሰማ።»

እናቴ ሁሉንም በየስማቸው እየጠራች መረቀች። እኔ ማመስገን ፈልጌ ነበር፤ ቃሉ ስላልወጣልኝ የእጅ መታጠቢያ ውሃ እየዞርኩ አፈሰስኩላቸው።

ነጫጮቹ ወፎች ከዚያ ወዲህ እኛ ጋ አይመጡም፤ ከላሟ ጋር ከአጥሩ ማዶ ናቸው። እነሱን በክፍተቱ አያቸዋለሁ። ሌሎቹ ግን አልሄዱም።

አንድ ጠዋት ጋሽ ኻሚስ ሀዲልን በጋቢ ጠቅልለው ታቅፈዋት መጡ። መድኃኒቷን ጨርሳ ትኩሳቱ ለቋታል፤ ፊቷ ግን ከስቶ ዓይኖቿ ተልቀዋል። በአጥሩ ክፍተት ለመሹለክ አቅም ስላልነበራት በበሩ ገቡ። ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። ውሃውን ታያለች። እንድትጠይቀኝ ጠበቅሁ፤ አልጠየቀችም።

ጋሽ ኻሚስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አንዴ ልጃቸውን፣ አንዴ እኔን አዩ።

«እሺ፣ ሐዊ» አሉ፤ «ዛሬ ማን መጣ?»

አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩና ተናገርኩ። የእንቁራሪቶቹ ልጆች እግር ማብቀላቸውን፣ ሰማያዊዋ ወፍ ባልንጀራ ማምጣቷን፣ አርጃኖው በአጥሩ ሥር አጮልቆ እናቴን ሲያይ መሸሹን ነገርኳቸው። ለሰው ያን ያህል አውርቼ አላውቅም። ጋሽ ኻሚስ በየመሐሉ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፤ ለአርጃኖውም ጭምር።

ሀዲል ከጋቢው ውስጥ አንዲት ጣቷን አውጥታ ወደ ውሃው ጠቆመች።

«ሄሊኮፕተርን ረሳሽው» አለችኝ።